ሲታመሙ የሚጠሯት መኪና፦ የኒሳን ዜድ አነሣሥ፣ አወዳደቅና ትንሣኤ

እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 የኒሳን አዲሱ ሥራ አስፈጻሚ ኢቫን ኤስፒኖሳ ያሰሙት መግለጫ መርዶ ይመስል ነበር። ኩባንያው በአንድ የበጀት ዓመት ብቻ 670.9 ቢሊዮን የን ከስሯል፤ 20,000 ሠራተኞች ይቀነሳሉ፤ 17 ከነበሩት የመኪና ፋብሪካዎች 10 ብቻ ይቀራሉ። ከሆንዳ ጋር ለመዋሐድ የተጀመረው ድርድር ከፈረሰ ገና ሦስት ወሩ ነበር። ኤስፒኖሳም ወንበሩን ከተረከቡ ሁለት ወር አልሞላቸውም። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ አንዲት ባለ ሁለት ወንበር የስፖርት መኪና ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። መኪናዋ ዜድ ትባላለች። በ2024 በትልቁ ገበያዋ በአሜሪካ ዓመቱን ሙሉ የተሸጠችው 3,164 ብቻ ነው፤ በኒሳን የሂሳብ መዝገብ ውስጥ ብትኖርም ባትኖርም ልዩነቱ እምብዛም አይታይም። እኔ ግን ኩባንያው ዛሬ የደረሰበትን ለመረዳት ከዚህች መኪና የተሻለ መንገድ አላገኘሁም። ኒሳን በታመመ ቁጥር ዜድን ይጠራታል፤ ሲያገግም ይረሳታል። ይህ አሁን ሁለት ጊዜ ሆኗል። የመጀመሪያው ጥሪ ሠርቶ ሁለተኛው ለምን እንዳልሠራ ስንመረምር፣ የአሁኑ ሕመም ከቀድሞው የሚከፋበት ምክንያት አብሮ ይገለጣል።

ነገሩ የሚጀምረው ከመኪናዋ ሳይሆን ከአንድ ሰው ነው። በ1909 የተወለዱት ዩታካ ካታያማ መኪና መንዳት የሚወዱ፣ ከአለቆቻቸው ጋር ግን እምብዛም የማይስማሙ የኒሳን ባልደረባ ነበሩ። በ1958 ሁለት ትንንሽ ዳትሰኖችን (ዳትሰን ኒሳን ያኔ መኪናዎቹን የሚሸጥበት ስም ነው) ይዘው 16,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚፈጀው የአውስትራሊያ ዙሪያ ውድድር ላይ ቡድን መሩ፤ ከሁለቱ አንዷ በምድቧ አሸነፈች። ይህ ድል በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ብዙም አልጠቀማቸውም። በ1960 ገበያውን አጥኑ ተብለው ወደ አሜሪካ ተላኩ። አገር ቤት ሆነው ከሚያስቸግሩ ባሕር ማዶ ቢሆኑ ይሻላል የተባለ ይመስላል።

ካታያማ ግን ካሊፎርኒያ ላይ ያገኙትን ነፃነት በሚገባ ተጠቀሙበት። መኪና ሻጮችን በየደጃቸው እየዞሩ አነጋገሩ፤ የገዢዎችን ቅሬታ አደመጡ። የዚያን ጊዜዋ ዳትሰን ለጃፓን ጠባብ መንገድ የተሠራች ስለነበረች በአሜሪካ አውራ ጎዳና ላይ ጉልበት ያጥራታል፤ በቀዝቃዛ ጠዋት ለመነሣት ታስቸግራለች። ካታያማ ይህንን ሁሉ ሳይሸፋፍኑ ወደ ቶኪዮ ይጽፉ ነበር። በመጀመሪያ ባለ 1,600 ሲሲዋ ዳትሰን 510 የገበያውን ቋንቋ የምትናገር ሆና መጣች። ቀጥለው ያቀረቡት ጥያቄ ይበልጥ ደፋር ነበር፦ ጣሪያ ያላት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣ የምታምር፣ ሆኖም ደመወዝተኛ ወጣት የሚገዛት የስፖርት መኪና ሥሩልኝ አሉ።

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ውበትና ጉልበት የፈለገ ሰው ከ5,000 ዶላር በላይ ከፍሎ ጃጓር ኢ-ታይፕን፣ ከ6,000 በላይ ከፍሎ ፖርሽ 911ን ይገዛል። አቅሙ ያልፈቀደለት ደግሞ ባለ አራት ሲሊንደሮቹን የእንግሊዝ መኪናዎች ይወስዳል፤ እነርሱም በኋላ እግራቸው ገና ባሌስትራ የተሸከሙ፣ ዘይት የሚያንጠባጥቡ፣ ዝናብ ሲጥል ኤሌክትሪካቸው የሚያኮርፍ ነበሩ። በሁለቱ መካከል ያለው ሰፊ ሜዳ ባዶውን ተቀምጧል።

የመኪናዋን መልክ ያወጣው በዮሺሂኮ ማትሱኦ የሚመራ አነስተኛ የንድፍ ቡድን ነው። ረጅም አፍንጫ፣ አጭር ጅራት፣ ወደ ኋላ የተገፋ የነጂ ወንበር፣ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጡ ክብ መብራቶች። በኋላ ጀርመን ተወላጁ ንድፍ አውጪ አልብሬክት ጎርትዝ የእኔ ሥራ ናት ብለው ለረጅም ጊዜ ተከራክረዋል። ጎርትዝ በስልሳዎቹ ዓመታት ለኒሳን ያማከሩ ሰው ናቸው፤ ይሁን እንጂ መስመሮቹን የሣሉት ማትሱኦና ባልደረቦቻቸው ለመሆናቸው አሁን ብዙም ጥርጣሬ የለም። ምስጋናው ለባለቤቱ እስኪመለስ ድረስ ማትሱኦ ብዙ ዓመት መጠበቅ ነበረባቸው፤ ይህ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ከመልኩ ይልቅ ለትንታኔያችን የሚጠቅመው ግን ውስጧ ነው። ኒሳን ለዜድ አዲስ ሞተር ከባዶ አልፈለሰፈም። የዳትሰን 510ን ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ካስገኘው ቤተሰብ ሁለት ሲሊንደር የተጨመረበት፣ 2,393 ሲሲ የሆነ፣ በሁለት ካርቡራተር የሚመገብ፣ በአምራቹ መግለጫ 151 የፈረስ ጉልበት የሚያወጣ ሞተር ሰጣት። ብዙው ዕቃ ከኩባንያው ሌሎች መኪናዎች ጋር የሚጋራ ነበር። ባለሙያ ሴት እንግዳ ሲመጣባት ገበያ ሳትወጣ ጓዳዋ ውስጥ ባለው ግሩም ወጥ እንደምትሠራው ማለት ነው። አራቱም ጎማዎች በየራሳቸው የሚንቀሳቀሱበት ሳስፔንሽን፣ ከፊት ዲስክ ፍሬን፣ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚደርስ ፍጥነት፣ ክብደቷ ደግሞ ከ1,100 ኪሎ በታች። ይህ ሁሉ በ3,526 ዶላር ነው።

ጃፓን ውስጥ በ1969 ማብቂያ ስትወጣ ስሟ ፌርሌዲ ዜድ ነበር። ፌርሌዲ የሚለውን የመረጡት የኒሳን ፕሬዚዳንት ካትሱጂ ካዋማታ ሲሆኑ፣ ስሙን ያገኙት ኒው ዮርክ ውስጥ ካዩት የሙዚቃ ቲያትር ነው። ካታያማ በዚህ ስም የሚጠራ የስፖርት መኪና አሜሪካ ውስጥ እንደማይሸጥ ያውቁ ነበር። የመጀመሪያዎቹ መኪናዎች ሲደርሱ የስሙን ጽሑፍ አስነቅለው የሞተሩን መጠንና የፕሮጀክቱን የመሥሪያ ቤት መጠሪያ ብቻ ለጠፉባት፦ 240 ዜድ። ያቺ ፊደል እስከ ዛሬ አለች።

ገዢው ተሰለፈ። ለወራት የጠበቁ፣ ከተተመነው ዋጋ በላይ ጨምረው የወሰዱ ብዙ ነበሩ። ጆን ሞርተን የተባለው ሹፌር በፒተር ብሮክ ቡድን ውስጥ ሆኖ በ1970 እና በ1971 የአሜሪካን ብሔራዊ የመንገድ መኪናዎች ውድድር በምድቡ አሸነፈ፤ ቀድመው በዚያ ምድብ የነገሡት ፖርሾች ነበሩ። ከ1969 እስከ 1978 ባለው ጊዜ ይህች የመጀመሪያ ትውልድ ከ500,000 በላይ ተሸጠች። የስፖርት መኪና ተብሎ በዚህ ብዛት የተሸጠ ከዚያ በፊት አልታየም።

ለእኛ ሰፈር የሚቀርበው ክፍል ግን በአሜሪካ አስፋልት ላይ የተፈጸመው አይደለም። በምሥራቅ አፍሪካ ጭቃና አቧራ ውስጥ የተፈጸመው ነው። ብዙ ኢትዮጵያዊ ዳትሰን ሲባል ዓይኑ ላይ የሚመጣው ጭነት የሚሸከም ፒክአፕ ነው፤ ጎረቤታችን ኬንያ ግን ዳትሰንን በሌላ መልኳ ታውቃታለች። በፈረንጆች ፋሲካ ሰሞን የሚካሄደው የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር፣ ሌሊትና ቀን የማይለይ፣ ድንጋይ፣ ደራሽ ውሃና የዱር እንስሳ የሚያጋጥምበት ፈተና ነበር። ከተነሡት መኪናዎች ጥቂቱ ብቻ ነበር መጨረሻ የሚደርሰው። የአውሮፓ ቡድኖች በየዓመቱ እየመጡ ያፍሩ ነበር። በ1971 ኤድጋር ኸርማን በ240 ዜድ አንደኛ ወጣ፤ ሁለተኛውም ሼካር ሜታ በሌላ 240 ዜድ ነበር።

የሜታን ነገር በአጭሩ ማለፍ አልችልም። ኡጋንዳ ውስጥ የተወለደ፣ የእስያ ዝርያ ያለው ወጣት ነበር። ኢዲ አሚን በ1972 እስያውያንን ከአገር ሲያባርር ኬንያን መኖሪያው አደረገ። በተከታዩ ዓመት፣ ሳፋሪ የዓለም ራሊ ሻምፒዮና አካል በሆነበት በ1973፣ እንደገና 240 ዜድ ይዞ ተነሣ። ውድድሩ ሲያበቃ ከስዊድናዊው ሃሪ ሼልስትሮም ጋር የቅጣት ነጥባቸው እኩል ሆነ፤ እርሱም የሚነዳው ዳትሰን ነበር። አሸናፊውን የለየው ያለ ቅጣት ረዘም ያለ መንገድ የተጓዘው ማን ነው የሚለው ደንብ ነው፤ ድሉም ለሜታ ሆነ። ሜታ በሕይወቱ አምስት ጊዜ ሳፋሪን አሸንፏል፤ የመጀመሪያዋ በዜድ ናት። አገሩን ያጣ ሰው በጎረቤት አገር አፈር ላይ ያገኘው ድል ነው።

ያቺ ለስላሳ የምትመስል መኪና ሳፋሪን መቻሏ በአጋጣሚ አልነበረም። ቀላል ስለሆነች ጭቃ ውስጥ አትሰምጥም፤ የሞተሯ ብሎክ ብረት ስለሆነ ሙቀትና አቧራ ይችላል፤ ስትበላሽ ደግሞ መንገድ ዳር በመፍቻና በመዶሻ ትጠገናለች። አንድ ከባድ ጠላት ብቻ ነበራት፤ ዝገት። ቆርቆሮዋ ቀጭን ነበር፤ መከላከያ ቅቡም ደካማ። በረዶ ለማቅለጥ ጨው በሚበተንባቸው የአሜሪካና የአውሮፓ ከተሞች ብዙዎቹ አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ከሥር ተበልተው አለቁ። ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠርታ ዛሬ ጤነኛዋ ብርቅ የሆነችው ስለዚህ ነው።

ውድቀቱ በአንድ ቀን አልመጣም፤ እንዲያውም የመጣው ሽያጭ እየጨመረ ሳለ ነው። ከ1970 ወዲህ የአሜሪካ መንግሥት የጭስ ልቀትንና የግጭት ደኅንነትን የሚመለከቱ ጠንካራ ሕጎች አወጣ። ሕጎቹ ተገቢ ነበሩ፤ የሎስ አንጀለስ አየር ዓይን የሚያቃጥል ነበርና። ሆኖም የ1974ቷ 260 ዜድ ጭስ ለመቀነስ የተቀየሩት ካርቡራተሮቿ ሲሞቁ የሚያንገጫግጩ፣ ለሕጉ የተገጠመላት ፓራውልት የሚከብዳት ሆነች። በ280 ዜድ ነዳጅ በኤሌክትሮኒክስ መርጨት ሲጀመር ጤናዋ ተመለሰ፤ ክብደቷ ግን አልተመለሰም።

በ1977 ካታያማ ወደ ጃፓን ተጠሩ። በአሜሪካ ያቋቋሙት ድርጅት በዓለም ከታወቁ የመኪና ሻጮች ተርታ ተሰልፎ ሳለ፣ ቶኪዮ ከሥልጣን አውርዳ ዳር አስቀመጠቻቸው። በተከታዩ ዓመት 280 ዜድኤክስ መጣች። መቀመጫዋ ሰፊ፣ ምንጣፏ ወፍራም፣ ጉዞዋ ለስላሳ፣ መሪዋ ደንታ ቢስ። በገበያ ረገድ ተሳካላት፤ ገዢዎች ወደዷት፤ ጋዜጦችም ሸለሟት። ይሁንና የስፖርት መኪና መሆኗ ቀርቶ ምቹ የጉዞ መኪና ሆነች። የሚያዳምጠው ሰው ከተነሣ በኋላ የቀረው የሽያጭ ሠንጠረዥ ብቻ ነበር፤ ሠንጠረዡ ደግሞ የትናንትን ፍላጎት እንጂ የነገን አይናገርም።

በ1989 ኒሳን ታላቅ መኪና ሠራ። አዲሲቱ 300 ዜድኤክስ በመንታ ተርቦዋ (አየር ወደ ሞተሩ በኃይል የሚያስገባ መሣሪያ ነው) 300 የፈረስ ጉልበት የምታወጣ፣ መሪዋ ሲዞር የፊቶቹ ብቻ ሳይሆኑ አራቱም ጎማዎቿ የሚታጠፉ፣ በምሕንድስና ከአውሮፓ ምርጦች ጋር የምትስተካከል ነበረች። የጃፓን ኢኮኖሚ በእብጠቱ ጫፍ ላይ በነበረበት ጊዜ ስለተጸነሰች ወጪ አልተቆጠረባትም። በዚያን ጊዜ የነበሩ ጸሐፊዎች ሁሉ አደነቋት። እኔም አደንቃታለሁ። ግን ጓዳውን የረሳች ድግስ ነበረች።

የገደላት የምንዛሪ ዋጋ ነው። በሴፕቴምበር 1985 ኒው ዮርክ ፕላዛ ሆቴል ውስጥ አምስት የበለጸጉ አገሮች የዶላርን ዋጋ ለማውረድ ከመስማማታቸው በፊት አንድ ዶላር በ240 የን ገደማ ይመነዘር ነበር። በኤፕሪል 1995 ወደ 80 የን ወረደ። ቀላል ስሌት እንሥራ፦ ጃፓን ውስጥ 4,000,000 የን የሚያስወጣ መኪና በመጀመሪያው ምንዛሪ 16,700 ዶላር ያህል ነው፤ በሁለተኛው 50,000። መኪናው አልተለወጠም፤ ሠራተኛውም ፋብሪካውም ያው ነው። ኒሳን የጉዳቱን ከፊል ራሱ ቢሸከምም የመንታ ተርቦዋ ዋጋ ከ40,000 ዶላር አለፈ፤ በዛሬው የዶላር አቅም ከ80,000 በላይ ማለት ነው። ለደመወዝተኛ ወጣት የታሰበችው መኪና ለሐኪምና ለጠበቃ ብቻ ሆነች፤ እነርሱ ደግሞ ያን ያህል ከከፈሉ ፖርሽ ይመርጣሉ። በ1996 የአሜሪካ ሽያጭ ቆመ። ብቻዋንም አልሞተችም፤ የማዝዳ አርኤክስ-7 ከ1995 በኋላ፣ የቶዮታ ሱፕራ በ1998፣ የሚትሱቢሺ 3000 ጂቲ በ1999 ከአሜሪካ ገበያ ወጡ። አንድ ትውልድ በሙሉ በአምስት ዓመት ውስጥ ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ልብ ይነካል። የሚሸጠው አዲስ የስፖርት መኪና ያልነበረው ኒሳን፣ በዘጠናዎቹ ማብቂያ አሜሪካ ውስጥ አሮጌ 240 ዜዶችን እየገዛ፣ እያደሰ፣ በራሱ ሻጮች በኩል መልሶ መሸጥ ጀመረ። ካሰበው ቁጥር እጅግ ባነሰ ቆመ፤ በኪሳራ የሚሠራ ሥራ ነበርና። ግን ከተማ ለከተማ ሰው ተሰብስቦ አያት። በ1998 ካታያማ በአሜሪካ የአውቶሞቲቭ የክብር አዳራሽ ውስጥ ስማቸው ተጻፈ፤ ኩባንያው ዳር ያስቀመጣቸው ከሃያ ዓመት በፊት ነበር።

በ1999 ኒሳን ሁለት ትሪሊዮን የን ገደማ ዕዳ ተሸክሞ ሊወድቅ ሲል የፈረንሳዩ ሬኖ 36.8 በመቶ ድርሻ ገዝቶ ካርሎስ ጎንን ላከ። ጎን አምስት ፋብሪካዎች እንዲዘጉና 21,000 የሥራ መደቦች እንዲታጠፉ ወሰኑ፤ በጃፓን የሥራ ባህል ውስጥ ይህ እንደ መሬት መንቀጥቀጥ ነበር። እንዲህ ሁሉን የሚቆርጥ ሰው የስፖርት መኪና ይሠራል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። ጎን ግን ዜድ እንድትመለስ ፈቀዱ። ሠራተኛውም ገዢውም ኩባንያው መሞቱን ብቻ ሳይሆን መኖሩን የሚያይበት ነገር ያስፈልገው ነበር።

በ2002 የወጣችው 350 ዜድ የካታያማን አሠራር ደግማዋለች። ሞተሯ በኒሳን የቤተሰብ መኪናዎች ውስጥ በሰፊው የሚሠራው ባለ 3.5 ሊትር ቪ6 ነው፤ ሻንሲዋ ስካይላይን ከተባለው የኒሳን መኪና ጋር የተጋራ ነው። ተርቦ የለም፤ ከመሪው ጋር የሚታጠፍ የኋላ ጎማ የለም። 287 የፈረስ ጉልበት ከ27,000 ዶላር በታች። በ2003 አሜሪካ ውስጥ ብቻ ከ30,000 በላይ ተሸጠች። እንደገና ከጓዳ የወጣ ወጥ ማለት ነው፤ ጓዳውም በዚያን ጊዜ ሙሉ ነበር።

ከዚያ ኒሳን አገገመ፤ ረሳትም። በ2009 ሞዴል የመጣችው 370 ዜድ ጥሩ መኪና ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ግን አሥራ አንድ ዓመት ያህል የረባ ለውጥ ሳይደረግላት ቆየች። በአንድ ዕቃ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ያልሠራ መሐንዲስ ትቶ ይሄዳል፤ ወይም ይረሳዋል። ያ ጊዜ ኩባንያው ትኩረቱን በሽያጭ ብዛት ላይ ያደረገበት፣ በአሜሪካ በቅናሽ ዋጋና ለኪራይ ድርጅቶች በጅምላ በመሸጥ ቁጥር ያሳደገበት ዘመን ነው። በ2018 ጎን ተያዙ፤ በ2019 ማብቂያ ከጃፓን ሸሹ። በሜይ 2020 ኒሳን 671.2 ቢሊዮን የን መክሰሩን አስታወቀ። አንባቢ ይህን ቁጥር ከመግቢያው ቁጥር ጋር ያስተያየው፤ በአምስት ዓመት ልዩነት ሁለት ኪሳራ፣ መጠናቸው አንድ ነው ማለት ይቻላል።

በዚያው ወር ኩባንያው ሊያወጣቸው ያሰባቸውን መኪናዎች በአጭር ቪዲዮ አሳየ። በመጨረሻ በጨለማ ውስጥ ረጅም አፍንጫና አጭር ጅራት ያለው ጥላ ታየ። ዜድ ዳግመኛ ተጠራች። በሴፕቴምበር 2020 ናሙናዋ፣ በኦገስት 2021 እውነተኛዋ መኪና ኒው ዮርክ ላይ ቀረበች፦ ባለ 3 ሊትር መንታ ተርቦ ቪ6፣ 400 የፈረስ ጉልበት፣ ከፈለጉ በእጅ የሚቀየር ባለ ስድስት ማርሽ ካምቢዮ፣ መነሻ ዋጋ 39,990 ዶላር። መልኳ የ1969ኟን እናቷን ያስታውሳል። ለአውሮፓ ግን አልመጣችም፤ የጭስ ሕጉና እየጠበበ የሄደው የስፖርት መኪና ገበያ በሩን ዘጉባት።

ሽያጩ አልተነሣም። በ2023 አሜሪካ ውስጥ 1,771፣ በ2024 ደግሞ 3,164። ብዙ ሰው ምክንያቱ ዋጋ ነው ይላል፤ እኔም መጀመሪያ እንደዚያ አስብ ነበር። ስሌቱ ግን አይደግፈውም። የዋጋ ንረትን ብንቆጥር የ350 ዜድ የ2002 ዋጋ በ2022 ገንዘብ ከ42,000 ዶላር ይበልጣል፤ አዲሲቱ እንዲያውም ከእርሷ ትረክሳለች። ከ1970ዋ ጋር ስናነጻጽር ነው ነገሩ የሚለወጠው፤ የያኔው 3,526 ዶላር በ2022 ገንዘብ 26,600 ያህል ነው። አዲሲቱ ዜድ ከአያቷ በግማሽ ያህል ትወደዳለች፤ ክብደቷም ወደ 1,600 ኪሎ ደርሷል።

ከዋጋው የባሰው ጓዳው ነው። አዲሲቱ ዜድ አዲስ ሞተር ብታገኝም ሻንሲዋ ከ370 ዜድ የተወረሰ ነው፤ የእርሷ ደግሞ ከ2008 ጀምሮ ያለ ነው። በ1969 እና በ2002 ከጓዳ የወጣው ዕቃ የዕለቱ ትኩስ ምርት ነበር፤ በ2022 የወጣው የከረመ ነው። ኒሳን በመካከሉ ባሉት ዓመታት የኋላ ጎማ የሚነዱ ሴዳኖቹን አንድ በአንድ ስለተወ፣ ሻንሲውን የሚጋሩ ወንድምና እህት እየጠፉባት ሄዱ። የስፖርት መኪና ርካሽ የምትሆነው ቤተሰቧ ትልቅ ሲሆን ነው። በዚያ ላይ ማምረቱ ዘገየ፤ ገዢው ተስፋ የቆረጠው የመጀመሪያው ጉጉት ሳይበርድ ማድረስ ባለመቻሉ ነው። አንዳንድ ሻጮችም እጥረቱን አይተው ከተተመነው በላይ ሺዎችን ጨመሩበት። በ1970ም ሰው ከዋጋ በላይ ከፍሎ ነበር፤ ያኔ ግን መነሻው ዝቅተኛ ነበር፤ ሌላ አማራጭም አልነበረውም።

ገበያው ሞቷል የሚለውም ሙሉ እውነት አይደለም። ሰው ወደ ኤስዩቪ መሄዱ እርግጥ ነው። ሆኖም በዚያው በ2024 ፎርድ አሜሪካ ውስጥ ወደ 44,000 የሚጠጉ ሙስታንጎችን ሸጧል። የሙስታንግ መነሻ ዋጋ ከዜድ በብዙ ሺህ ዶላር ያንሳል፤ በአነስተኛ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተርም ትመጣለች። የካታያማ ሜዳ ዛሬም አለ። ኒሳን ነው የሌለበት።

ስለዚህ የሚቀጥለው ዜድ ኤሌክትሪክ ይሁን ወይስ ቤንዚን የሚለው ክርክር ከዋናው ጥያቄ የሚያርቀን ይመስለኛል። ባትሪ ገና ከባድ ነው፤ ዜድ ደግሞ ዜድ የሆነችው በቅለቷ ነው፤ ስለዚህ ለጊዜው ቤንዚን ወይም ሃይብሪድ እመርጣለሁ። ዋናው ጥያቄ ግን ኒሳን ለሌሎች መኪናዎቹ ምን እየሠራ ነው የሚለው ነው። ጓዳው ባዶ ከሆነ ዜድ ከየት ትመጣለች? ኤስፒኖሳ ወደ ላይኛው ወንበር የመጡት የምርት ዕቅድን ከሚመራው ክፍል ነው፤ መኪና እንደሚወዱም ይነገራል። ያ ጥሩ ምልክት ነው። ነገር ግን ጎን በ1999 ቢሊዮኖችን ይዞ የመጣ ሬኖ ከኋላቸው ነበር፤ ኤስፒኖሳ ግን ያ ዓይነት ደጋፊ የላቸውም፤ የሆንዳውም በር ተዘግቷል።

ካታያማ በፌብሩዋሪ 2015 በ105 ዓመታቸው አረፉ። የመጀመሪያዎቹ 240 ዜዶች የተገጣጠሙት ከቶኪዮ ወደ ደቡብ ምዕራብ ባለችው በሂራትሱካ ከተማ፣ የኒሳን አካል በሆነው በኒሳን ሻታይ ፋብሪካ ነበር። በጁላይ 2025 ኒሳን በዚያችው ከተማ ባለው የሻታይ ፋብሪካ የሚያሠራውን የመኪና ምርት በ2026 የበጀት ዓመት ማብቂያ እንደሚያቆም አስታወቀ። ከዚያች ከተማ ወጥታ ከነበሩት አንዷ፣ የ1971 ሞዴል፣ በጃንዋሪ 2020 በኢንተርኔት ጨረታ 310,000 ዶላር ተሸጣለች።

ኸርማን በ1971 ሳፋሪን ያሸነፈባት መኪናም አለች። የኒሳን ሠራተኞች በፈቃደኝነት ያቋቋሙት የአሮጌ መኪና አዳሾች ቡድን በ2013 ፈታትቶ፣ ጠግኖ፣ ሞተሯን አስነሥቷል። አሁን ዛማ በሚገኘው የኩባንያው የቅርስ መጋዘን ውስጥ ቆማለች።